ሰባተኛው ቅጽና ወንድሜ ሚሊሜትር

ታላቅ ወንድሜን በመሥሪያ ቤታችን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ከዘበኛው እስከ ኃላፊው ሁሉም «ሚሊሜትር» ይሉታል። ዳቦ እንኳ ሲቆርጥ ቢላዋውን ከማሳረፉ በፊት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚለካ ሰው ስለሆነ ቅጽል ስሙ አልበዛበትም። እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ። እሱ ደግሞ የልጅ ልጅ ካየሁ በኋላም «አንቺ ልጅ» ማለቱን አልተወም።

ሥራው ገል መሣል ነበር። ከአገሩ መሬት ተቆፍሮ የሚወጣው የጥንት ዕቃ ሁሉ ተጠንቶ በየሦስትና በየአራት ዓመቱ በመጽሐፍ ይታተማል። መጽሐፎቹ ተከታታይ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቅጽ ይባላል፤ ሽፋናቸው ደብዛዛ ቡናማ፣ ጀርባቸው ላይ ከቁጥር በቀር ምንም የሌለ። ጽሑፉን ምሁራኑ ይጽፋሉ። ስባሪ ሸክላውን አንድ በአንድ በቀለም የሚሥለው ግን ወንድሜ ነበር። እኔ በሚቀጥለው ክፍል ቁጭ ብዬ ሥዕሎቹን በካርቶን ላይ እየደረደርኩ እለጥፋለሁ፤ ማተሚያ ቤቱ አሳንሶ ሲመልሳቸው ደግሞ ከእያንዳንዱ ሥር ቁጥሩን እለጥፋለሁ። ሁለታችንም ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ ነበርን።

በእነዚያ ሁሉ መጽሐፎች ውስጥ የወንድሜ ስም አንድም ቦታ አልነበረም። ያስቆፈረው አለ፣ የጻፈው አለ፣ የረዳው ድርጅት አለ። ዘጠነኛው ቅጽ ሲዘጋጅ ግን ዋና አዘጋጁ አስጠርተው፣ «ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ቀረዎት፤ በዚህኛው ላይ ስምዎ ከፊት ገጾቹ በአንዱ ይታተማል» አሉት። ወንድሜ ለሚስቱ ነገራት። ለእኔም ነገረኝ። ለሌላ ሰው አልተናገረም፤ ግን የጠዋት ሰላምታው ራሱ ተለወጠ።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በሁለተኛው ወር ነው።

እዚህ ላይ የማሰሮ አሣሣል እንዴት እንደሆነ ካልነገርኩ ቀሪው አይገባም። ማሰሮው መሐሉ ላይ ቀጥ ባለ መስመር ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ ወገን ማሰሮው እንደ ሐብሐብ የተቆረጠ ይመስል የግድግዳው ውፍረት በጥቁር ይታያል። በሌላው ወገን የውጭ መልኩ ይሣላል፤ ሸክላ ሠሪዋ እርጥቡን ጭቃ ስትፍቅ የቀሩት ጭረቶች ሳይቀሩ። ወንድሜ ጥቁሩን በቀኝ፣ የውጩን በግራ አድርጎ መሣል ነው የተማረው፤ ሌላ አሣሣል አያውቅም። አንድ ነገር ልጨምር፤ ወንድሜ የሚሠራው በግራ እጁ ነው።

አንድ ጠዋት ወጣቷ ዶክተር አንድ ገል በጥጥ ጠቅልላ ይዛ ወደ ክፍሉ ገባች። የዘጠነኛውን ቅጽ ዋና ምዕራፍ የምትጽፈው እሷ ናት። እኔም ሙጫ ልወስድ እዚያው ነበርኩ።

«ጋሼ ሚሊሜትር፣ ይህን ገል ያውቁታል?»

ወንድሜ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «ቁጥሩን ንገሪኝ።»

«መቶ አሥራ ሁለት።»

«አውቀዋለሁ። ከንፈሩ ሸረፍ ያለው። ደህና ነው?» ስለ ታመመ ዘመድ የጠየቀ ነበር የሚመስለው።

«እሱስ ደህና ነው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።»

ገሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ አጠገቡም ከሰባተኛው ቅጽ ላይ ጭረቱን ብቻ አጉልታ ያስነሣችውን ኮፒ ዘረጋች። በገሉ ላይ ጭረቶቹ ከግራ ተነሥተው ወደ ቀኝ ይወርዳሉ። በኮፒው ላይ ከቀኝ ተነሥተው ወደ ግራ ይወርዳሉ።

ወንድሜ ገሉን አየ። ኮፒውን አየ። እንደገና ገሉን አየ። ከዚያ እጁን አየ።

ዶክተሯ ቀስ ብላ አስረዳችን። ስድስተኛው ቅጽ ከጉድጓዱ ታችኛው አፈር የወጡትን ማሰሮዎች ይዟል፤ ሰባተኛው ከላይኛው አፈር የወጡትን። በስድስተኛው ጭረቶቹ ወደ ቀኝ ይወርዳሉ፣ በሰባተኛው ወደ ግራ። ማሰሮ የሚፋቅበት አቅጣጫ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ ልማድ ስለሆነ፣ በመካከሉ ሌላ ሕዝብ መጥቶ በዚያ ኮረብታ ሰፍሯል ብላ ሁለት ዓመት ሙሉ ጻፈች። አሁን ለሽፋኑ ፎቶግራፍ አንድ ጥሩ ገል ልምረጥ ብላ ግምጃ ቤት ብትወርድ፣ ገሎቹ ሥዕሉን አይመስሉም። ሃያ ያህል አነሣች፤ ሃያዎቹም አይመስሉም።

«ምን ልበል?» አለች። «ሰዎቹ መጥተዋል ወይስ አልመጡም?»

ከሰዓት በኋላ ዋና አዘጋጁ ራሳቸው መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ የቸኮሉ ሰው ናቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«ሰው አንድ ጊዜ ቢሳሳት ወግ ነው» አሉ። «ሁለት መቶ አርባ ሥዕል ግን... እርስዎ በግራ እጅዎ ነው የሚሠሩት። እጅዎ ሳያውቁት መስመሩን ወደሚመቸው ወገን ጎትቶት ይሆናል እያልኩ ነው።»

«እኔ ያየሁትን ነው የሣልኩት።»

«ያዩትማ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።»

ዋና አዘጋጁ ወደ በሩ ሄደው ተመለሱ። «ሰኞ የኅትመት ኮሚቴው ይሰበሰባል። ሰባተኛው ቅጽ እንደገና ይሣል ከተባለ በሌላ ሰው ነው የሚሣለው። በዘጠነኛው ላይ ስለሚወጣው ስምም... እንግዲህ ኮሚቴው ያውቃል።» ማክሰኞ ነበር።

በማግስቱ ወሬው ግቢውን አዳረሰው። ጠዋት ስንገባ ዘበኛው፣ «ጋሼ፣ በሩ በቀኝዎ በኩል ነው፣ እንዳይሳሳቱ!» አለው። ወንድሜ አብሮ ሳቀ። ግን አየሁት፤ እግሩን ከማንሣቱ በፊት አንድ አፍታ አሰበ።

ወደ ማታ ከቤቱ ብሄድ፣ ከመታጠቢያ ቤት መስተዋቱን አውርዶ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አቁሞታል። የተሰበረ የአበባ ሸክላ በሹካ ጭሮ ከመስተዋቱ ፊት አስቀምጦ ይሥላል። ሚስቱ ሳህኖቿን ይዛ የምታኖርበት አጥታ ቆማለች።

«እይልኝ እስቲ» አለችኝ። «ሠላሳ ዓመት ገል ሲያይ ኖሮ አሁን መስተዋት አማረው። ገሉ አያምር፣ እሱ አያምር!»

«ተይኝ፣ ልፈትን።»

«እኔ ልፈትንህ። ሠርጋችን ዕለት ቀለበቱን ያደረግክልኝ በየትኛው እጄ ነው?»

ወንድሜ ከመመለሱ በፊት ጣቷን አየ። ሳቅን፤ እሱ ግን አልሳቀም። አሥር ጊዜ ሥሎ ነበር፤ አሥሩም ልክ ናቸው።

«ዛሬ ልክ ነኝ» አለ። «የዛሬ ስምንት ዓመትስ? ሰው የዛሬ ስምንት ዓመት እጁ ምን እንደሠራ በምን ያውቃል? ልክ ነኝ ብዬ ብምል፣ ያን ጊዜም ልክ ነኝ ብዬ ነበር እኮ የሣልኩት።»

ቤቴ ገብቼ የራሴን እጆች ሳይ ቆየሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ መሥራት ሲያቅተኝ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ቅጽ አውርጄ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ጭረቱን አላየሁም፤ እሱን የሚያየው ሰው በዝቷል። እኔ ያየሁት ጥቁሩን ነው። በስድስተኛው ጥቁሩ በቀኝ ነው። በሰባተኛው በግራ ነው። ሁሉም፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው።

ሰባተኛው ቅጽ ሲዘጋጅ ከማተሚያ ቤት የተመለሱትን ሥዕሎች ቁጥር ስለጥፍባቸው አንድ ነገር ዞሮብኝ ነበር፤ ካርቶን ላይ ሳስቀምጣቸው እንዲህ አልነበሩም ብያለሁ። ግን በዚያው ሳምንት አዲስ መነጽር ገዝቼ፣ ባለ መነጽሩም «ጥቂት ቀን ነገር ሁሉ ይዞርብሻል» ብሎኝ ነበር። እንግዲህ ይኸው ዞረብኝ ብዬ፣ ሰው መጠየቅም አፍሬ፣ «ታይቷል» በሚለው ላይ ፈረምኩ።

መጽሐፉን አቅፌ ወደ ወንድሜ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ጥቁሩን በየት በኩል ነው የምትሥለው?»

«በቀኝ።»

«ሁልጊዜ?»

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ሁልጊዜ።»

ገልጬ አሳየሁት። ወንድሜ የታተመ መጽሐፍ ከፍቶ የማየት ልማድ የለውም፤ ስህተት ካየሁ አርሜ አልመልሰው፣ ምን አስጨነቀኝ ይላል። ስለዚህ ሰባተኛውን ቅጽ ያን ቀን ማየቱ ነበር። ገጹን አየው፣ አዙሮ አየው፣ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ከጀርባው አየው።

«መስመሩ የእኔ ነው» አለ። «የእኔ እጅ ነው። ግን እኔ እንዲህ ሥዬ አላውቅም።» ቀና ብሎ እንደ ሕፃን አየኝ። «አምሜ ነበር እንዴ ያን ጊዜ?»

«አልታመምክም።»

«ታዲያ ማን ሣለው?»

መነጽሬን ነገርኩት። እየተንተባተብኩ፣ ፊርማዬንም ነገርኩት። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። «ያንቺስ መነጽር ነው፣ የእኔ ምንድን ነው?» አለና ኮቱን አነሣ።

ማተሚያ ቤቱ ከእኛ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ምድር ቤት፣ ቀይ አምፖል ባለበት ክፍል፣ ፊልም የሚያነሣው ሰው የወንድሜ እኩያና ወዳጅ ነው። መጽሐፉን ከፈትንለት። ዓይኑን እንኳ አላሸም።

«ገለበጥነዋ!» አለ።

«ምን?»

«ፊልሙን። በግንባሩ ደፍተን አተምነው። ታዘን ነው። ለአንተ አልነገሩህም?»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ወይ ጉድ! እኔ አንተ ያዘዝከው ነበር የመሰለኝ።»

ከብረት ቁም ሣጥኑ አቧራ የለበሰ ፋይል ጎትቶ አወጣ። ትእዛዙ አንድ ገጽ ነው። «የሌሎች አገሮች መጻሕፍት ጥቁሩን በግራ ስለሚያደርጉ የእኛም እንደዚያው ይሁን። እንደገና መሣል ጊዜ ስለሚወስድ ፊልሙ ይገልበጥ» ይላል። ከሥሩ የዋና አዘጋጁ ፊርማ አለ፤ ያ የቸኮለ፣ ጭራው ረጅም ፊርማ። ያን ጊዜ ገና ለሥራው አዲስ ነበሩ። ስምንተኛው ቅጽ ስለ አጥንት ስለነበረና በፎቶግራፍ ብቻ ስለወጣ ጥያቄው ተመልሶ አልተነሣም።

ከፋይሉ ጀርባ የተጠቀለለ ነገር ነበር። የወንድሜ እጅ ሥራ፣ ከካርቶኑ ተላቅቆ፣ ብርሃን በሚያሳልፈው ወረቀት ላይ እንደተሣለ፣ ሁለት መቶ አርባውም። ባለ ፊልሙ አንዱን ወስዶ በደረጃው መስኮት ላይ በጀርባው ለጠፈው። በመጽሐፉ ካለው ጋር አንድ ሆነ።

«በቃ ይኸው ነው» አለ። «ይህን ለማወቅ ኮሚቴ ምን ያደርጋል? መስኮት ይበቃል።»

ወንድሜ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ደስ ያለው አልመሰለኝም። ሦስት ቀን ሙሉ እጁን ሲጠረጥር ቆይቶ፣ እጁ ንጹሕ ነው ሲሉት ወዲያው ማመን አልሆነለትም።

ቅዳሜ ጥቅሉን ይዘን ከዶክተሯ ጋር ግምጃ ቤት ወረድን። እያንዳንዱን ገል ከሣጥኑ እያወጣን ከወረቀቱ ጋር አስተያየን። መቶ ሠላሳ ያህል አየን፤ ሁሉም ልክ። የላይኛው አፈርም የታችኛውም ጭረት ወደ አንድ ወገን ነው የሚወርደው። ዶክተሯ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ፊቷን በአቧራ እጇ ያዘች።

«ሕዝቤ ጠፋ» አለች። «ሁለት ዓመት ለፍቼ ያመጣኋቸውን ሰዎች በአንድ ቅዳሜ መለሳችኋቸው።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት ወንድሜ።

«እርስዎ ምን አጠፉ? ልክ ስለሣሉ ነው ይቅርታ የሚጠይቁት?» ሳቀች፤ ግን ምዕራፏ መውደቁ ከፊቷ ይነበብ ነበር። እሑድ አልመጣችም። የቀሩትን እኔና ወንድሜ ጨረስናቸው።

አምስቱ የተገኙት እሑድ ነው። ሁለት መቶ ሠላሳ አምስቱ ትክክል ሆነው፣ አምስቱ አልሆኑም። በወረቀቱ ላይ ጭረቱ ወደ ግራ፣ በገሉ ላይ ወደ ቀኝ። እነዚህን ማንም አልገለበጣቸውም። ወንድሜ ራሱ ጭረታቸውን አዙሮ ሥሏል።

በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ ቀኑን በእርሳስ የመጻፍ ልማድ አለው። አምስቱም የአንድ ሳምንት ናቸው። እናታችን ሆስፒታል የተኛችበት የመጨረሻው ሳምንት። ሌሊቱን ወንበር ላይ አድሮ ከዚያው በቀጥታ ሥራ ይገባ ነበር። ቀኑን አየሁት፤ እሱም አየው።

ጥቂት ቆይቼ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ እኮ በመጽሐፉ ላይ ልክ ናቸው» አልኩት። «ተገልብጠው ልክ ሆነዋል። ማንም አያውቃቸውም።»

«ቆይ» አለ። ጣቱን አንሥቶ እንደሚቆጥር ሰው። «የተሳሳትኳቸው አምስቱ ልክ ወጡ። ልክ የሣልኳቸው ሁለት መቶ ሠላሳ አምስቱ ስህተት ወጡ። እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው።»

«እንግዲያው ሁሉንም ብሳሳት ኖሮ መጽሐፉ ልክ ይሆን ነበር።»

መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አላውቅም። በሣጥኖቹ መካከል እንባችን እስኪመጣ ሳቅን፤ እንባው ከመጣ በኋላ ግን የሳቅ ይሁን የሌላ እኔም አልለየሁትም።

ሰኞ ኮሚቴው ተሰበሰበ። እኔ ጥቅሉን ይዤ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። ዋና አዘጋጁ ትእዛዙን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይህ የእኔ ፊርማ ነው?» አሉ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «የእኔው ነው» አሉ።

ውሳኔው ፈጣን ነበር። እንደገና የሚሣል ነገር የለም፤ ባልተሸጡት ስምንት መቶ ቅጂዎች ውስጥ ትንሽ የእርማት ወረቀት ይለጠፋል። «በዚህ ቅጽ ያሉት ሥዕሎች በኅትመት ጊዜ ስለተገለበጡ በመስተዋት እንደሚታይ ይነበቡ» የሚል። የሠዓሊው ስም በዘጠነኛው ቅጽ ላይ እንደታሰበው ይወጣል። ሰዎቹ ወረቀታቸውን መሰብሰብ ሲጀምሩ ወንድሜ እጁን አነሣ።

«ሁሉም አይደሉም» አለ።

«ምኑ?»

«አምስቱን አስቀሩልኝ። አምስቱ በመጽሐፉ ላይ ልክ ናቸው። እኔ ተሳስቼ ሥያቸው፣ ሲገለበጡ ቀንተዋል።» ቁጥራቸውን አንድ በአንድ ተናገረ።

ዋና አዘጋጁ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «አሁን ይህን ማን ጠየቀዎት?»

«ማንም።»

«ወጥተው እኮ ነበር! ሰው ከጉድጓድ ያወጣውን ገመድ ራሱ ይቆርጣል?»

«ጌታዬ፣ እርማቱን አምኖ አምስቱን ገልብጦ የሚያይ ሰው ይኖራል። እንደዚች ልጅ ሁለት ዓመት ይጽፍበታል።» ወደ ዶክተሯ አመለከተ።

«አምስት ገል!»

«አምስት ናቸው።»

«እሺ ይጻፍ። ግን የማን ስህተት እንደሆነ ካልተጻፈ ነገሩ አይገባም። አምስቱ ለምን ተለዩ ይባላል። ስምዎ አብሮ ይወጣል፤ 'ስህተት' ከሚለው ቃል ጎን። ገብቶዎታል?»

ሠላሳ ዓመት የጠበቀው ስሙ ነው። «ይውጣ» አለ ወንድሜ።

ያን ጊዜ ዶክተሯ፣ ቀና ሳትል፣ «የአምስቱ ባለቤት በስሙ ከተጻፈ፣ የሁለት መቶ ሠላሳ አምስቱም ባለቤት ይጻፍ እንጂ» አለች።

ዋና አዘጋጁ ጣሪያውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ ኮሚቴውን አዩ። የሚረዳቸው አላገኙም። «ይጻፍ» አሉ በመጨረሻ። እኔም «ታይቷል» ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቃሉ እስኪወጣልኝ ግን ወንበሮቹ ባዶ ሆኑ።

እርማቱ ከመዳፍ የማይበልጥ ወረቀት ነበር፤ ስምንት መቶውን እየለጠፍን አራት ቀን ፈጀብን። በመጀመሪያው መስመር የዋና አዘጋጁ ስም፣ በሦስተኛው የወንድሜ ስም አለ። ዘጠነኛው ቅጽ ገና ነበርና፣ የወንድሜ ስም በዚያ ተከታታይ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እዚያ ላይ ነው። ከትርፎቹ አንዱን ለሚስቱ ወሰደላት። እኔም አብሬ ነበርኩ።

አነበበችው። እንደገና አነበበችው። «ስምህ ወጣ!» አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ተሳስቷል ይላል እኮ።»

«አዎ፣ ይላል።»

«ታዲያ እንኳን ደስ ያለህ ልበልህ ወይስ ምን ልበልህ?»

ወንድሜ ወረቀቱን ከእጇ ተቀብሎ ቆመ።

«እኔም መንገዱን ሁሉ እሱን ሳስብ ነው የመጣሁት» አለ። «እስቲ መጀመሪያ እራት አቅርቢልን።»